«ካይራል»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ተርጓሚው፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ለ11ኛ ክፍል ልጆች ማስታወሻ እየተረጎምኩ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ሁለት ቀን ተገተርኩ። አላኒን የሚባለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) መሀል ያለችው ካርበን አራት የተለያየ ነገር ይዛለች፣ ሃይድሮጅን፣ አሚን፣ ካርቦክሲልና ሜቲል፣ ስለዚህ ሞለኪውሉ ሁለት መልክ አለው፣ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል ነው ግን እንደ ግራና ቀኝ ጓንት ደርበህ አታገጥማቸውም። ይሄን ባህርይ «ካይራሊቲ» ብዬ ልለፈው ወይስ ቃል አለን?

የቅኔ ልጅ፦ አለን እንጂ። ግሪኩ «ኬይር» እጅ ነው፣ በግእዝ እድ። እዳዊነት በለው፣ አለቀ።

ነጭ ጋውን፦ ልጆቹ ሞለኪውሉ ብድር ያለበት ነው የሚመስላቸው ኪኪኪ

የቅኔ ልጅ፦ ሳቅ ይቀላል ወንድሜ። እድ በአልፉ አ፣ ዕዳ በዐይኑ ዐ። ፊደል ሳይለዩ ቃል መፍጠር የለም።

ድርሳን፦ መስታወቱን ካነሳችሁማ «መጽሔታዊ» አይሻልም? ግእዙ መጽሔት መስታወት ነው፣ ቆሮንቶስ 13 ላይ ጳውሎስ በመስተዋት እናያለን የሚለውን ግእዙን ግለጡት።

ነጭ ጋውን፦ አሁን መጽሔት ያልከው ልጅ ኪዮስክ ሄዶ ነው የሚፈልገው።

የቅኔ ልጅ፦ መጽሔት ከፀሐይ የወጣ ነው፣ ብርሃን ስለሚመልስ።

ድርሳን፦ የኔታ ይቅርታ፣ ፀሐይ በፀሐዩ ፀ ነው መጽሔት በጸሎቱ ጸ። አሁን «ፊደል ሳይለዩ» ያሉን እርስዎ አይደሉም እንዴ?

የቅኔ ልጅ፦ ጸሐፊዎች ያቀላቀሉት ነው። ባለፈውም ብያለሁ።

ነጭ ጋውን፦ እሺ እኔ የምፈራው ሌላ ነው። ኤል-አላኒንን፣ ማለት ከሁለቱ መልኮች አንዱን፣ «ግራ» ብለህ እንዳትተረጉም። ኤል ከላቲኑ ግራ መምጣቱ እውነት ነው፣ ግን ስሙ የወጣው ግሊሰራልዴሃይድ ከሚባለው ቀላል ስኳር ቅርጽ ጋር ተነጻጽሮ ነው እንጂ በአንድ ጠለል ብቻ የሚርገበገብ ብርሃን ሲያልፍበት ጠለሉን ወዴት እንደሚያዞር ታይቶ አይደለም። ኤል-አላኒን ራሱ የብርሃኑን ጠለል ወደ ቀኝ ነው የሚያዞረው። ድሮ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1848 የታርታሬት ጨው ክሪስታል በወረንጦ አንድ በአንድ ግራና ቀኝ ብሎ ሲለይ ነገሩ በዓይን ይታይ ነበር፣ አንዱ ክምር ብርሃኑን ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ፣ እዚህ ግን ግራ ብለህ ልጁን ግራ ታጋባዋለህ።

ድርሳን፦ ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራው ከኤል አሚኖ አሲዶቹ ነው ብለኸን አልነበር? ታዲያ ሁላችንም በጸጋሙ፣ በግራው በኩል፣ ከፍየሎቹ ጋር ቆመናላ!

ነጭ ጋውን፦ ግላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ ሲቀር። እሱ ሁለት ሃይድሮጅን ስላለው ግራም ቀኝም የለው።

ድርሳን፦ ለብ ያለ ነዋ፣ ይተፋል።

ተርጓሚው፦ ጎበዝ፣ ማስታወሻው ነገ ይታተማል፣ «መዳፋዊ» ብልስ?

የቅኔ ልጅ፦ ቆይ አንተ ልጅ። ድርሳን፣ ፀጋምን በጸሎቱ ጸ የጻፍከው የት ተምረህ ነው?