«ራሱን የሚያጸዳ» የሴራሚክ ማጣሪያ ለአዋሽ ውሃ ይሆናል ወይ?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። ከአዳማ ወጣ ብሎ በአዋሽ ዳር ላለው የዶሮ እርባታችን የውሃ ማጣሪያ ልንገዛ አስበናል። አቅራቢው ያሳየን የሴራሚክ ሜምብሬን (ውሃን አሳልፎ ቆሻሻን የሚያስቀር፣ ቀዳዳዎቹ እጅግ ጥቃቅን የሆኑ ወንፊት) በታይታኒየም ዳይኦክሳይድ የተለበጠ ሲሆን፣ በብርሃን ኃይል ራሱን ስለሚያጸዳ ማጠቢያ ኬሚካል አያሻውም ተብለናል። በክረምት ወንዙ ደፍርሶ ሲወርድ አሁን ያለን ማጣሪያ ወዲያው ይደፈናል፤ በበጋ ደግሞ ከጉድጓድ እንቀዳለን። ለሁለቱም ውሃ ይበቃናል? ሠራተኞቻችንም እንዲጠጡት እንፈልጋለን።

መልስ 1፦
የተነገረዎት ሐሰት አይደለም፤ ያልተነገረዎት ግን ይበዛል። ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ብርሃን ሲያርፍበት ውሃን እንደሚሰነጥቅ ፉጂሺማና ሆንዳ የተባሉት ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ1972 አሳይተዋል። የሞገድ ርዝመቱ ከ390 ናኖሜትር ገደማ ያነሰ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያገኝ ሃይድሮክሲል ራዲካል የተባሉ እጅግ ንቁ ቅንጣቶችን ያመነጫል፤ እነዚህም በሜምብሬኑ ገጽ ላይ የሚጋገረውን የባክቴሪያና የአልጌ ዝልግልግ ሽፋን ይሰባብራሉ። የአዋሽ የክረምት ደለል ግን አፈር ነው፤ አፈርን ራዲካል አያፈርሰውም። ከዚያም በላይ የደፈረሰ ውሃ ራሱ ብርሃኑን ይጋርዳል።

አቅራቢውን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፦ መብራቱ የት ነው የሚገጠመው? ብዙዎቹ የሴራሚክ ሜምብሬኖች ከዳር እስከ ዳር ቀጫጭን ቀዳዳዎች ያሏቸው ዘንጎች ናቸው፤ ውሃው የሚገባው በቀዳዳዎቹ ውስጥ፣ ቆሻሻውም የሚጋገረው እዚያው ስለሆነ፣ ከውጭ የሚበራ መብራት አይደርስበትም።

መልስ 2፦
እኔን ያሳሰበኝ የጉድጓዱ ውሃ ነው። በወንጂና በአካባቢው የብዙ ሰው ጥርስ የጠቆረው በፍሎራይድ መሆኑን የአዳማ ሰው ያውቀዋል። ፍሎራይድ በውሃው ውስጥ የሟሟ ስለሆነ፣ ባክቴሪያን በሚያስቀር በ0.1 ማይክሮሜትር ቀዳዳ እንኳ ያለከልካይ ያልፋል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ሠራተኞች ከመጠጣታቸው በፊት ውሃው በላቦራቶሪ ይመርመር፤ ከጣሪያው ካለፈ ፍሎራይድን የሚይዝ የአጥንት ከሰል ወይም ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውሃን በግፊት አሳልፎ የሟሟውን የሚያስቀር ማጣሪያ) ያስፈልጋችኋል።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። በተላከልን ሥዕል ላይ መብራቱ ከቱቦው ውጭ ነው። እንግዲያው ሴራሚኩን ጨርሶ እንተወው?

መልስ 1፦
አይተዉት፤ የሚተዉት ልባጩን ነው። ተራው ሴራሚክ በተቃራኒ አቅጣጫ በሚገፋ ውሃ ይታጠባል፤ ብዙዎቹን የፕላስቲክ ሜምብሬኖች የሚጎዳውን ጠንካራ በረኪናና አሲድም ይችላል። ከፊቱ ማዝቀጫ ገንዳ ሠርታችሁ በክረምት አሉሚኒየም ሰልፌት ብትጨምሩበት አብዛኛው ደለል እዚያው ይቀራል። ያልተለበጠውን ዋጋ ለብቻው ያስጽፉና ልዩነቱን ይዩት።