እንግሊዝኛ መናገር ለሚፈልግ፦ ብር የት ይውጣ፣ የት አይውጣ

"እንግሊዝኛ ይገባኛል፣ ልናገር ስል ግን ምላሴ ይተሳሰራል" የምትሉ ብዙ ናችሁ። አይገርምም። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ግን መልስ መምረጥ እንጂ አፍ መክፈት አይጠይቅም። ሰዋስዉ አለ፣ ያልተፈታው አፍ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ ያሉትን አማራጮች የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ በአንድ ሰዓት ውስጥ እኔ ራሴ ስንት ደቂቃ አወራለሁ?

በየፖሉ "በ3 ወር አቀላጥፈው ይናገሩ" ብለው ከሚለጥፉት ማሠልጠኛዎች ልጀምር። ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ሞልተዋል። ሁሉም አይረቡም አልልም። ግን ሒሳቡን ሥሩት። 30 ሰው ባለበት ክፍል መምህሩ ዝም ቢል እንኳ ከ90 ደቂቃ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 3 ደቂቃ ነው። መምህሩ ደግሞ ዝም አይልም፤ ሰሌዳው ላይ ያንኑ የምናውቀውን ፕረዘንት ፐርፌክት ይጽፋል። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ክፍለ ጊዜ ገብታችሁ ልትታዘቡ ጠይቁ። ተማሪው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ሲንጫጫ ካያችሁ ጥሩ ምልክት ነው። "መጀመሪያ ተመዝገቡ" ካሏችሁ ቻው ብላችሁ ውጡ። በሰርተፊኬቱ ማማር አትሸወዱ።

የኔ ምርጫ ቶስትማስተርስ ነው። በ1924 ካሊፎርኒያ የተጀመረ የንግግር ክበብ ሲሆን አዲስ አበባም ውስጥ ክበቦች አሉት። ቋንቋ አስተማሪ የለም። ቴብል ቶፒክስ የሚሉት ክፍል ግን ከብዙ ኮርስ ይበልጣል፦ ስማችሁ ይጠራል፣ ርዕሱን እዚያው ትሰማላችሁ፣ ቆማችሁ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ታወራላችሁ። አንዱ ጥግ ይዞ "እእእ" ያላችሁበትን እየቆጠረ ይመዘግባል። መጀመሪያ ላብ በላብ ያደርጋል። መጥቶ ማየት ለሚፈልግ እንግዳ በራቸው ክፍት ነው። ገና ኤቢሲዲ ላይ ላለ ሰው ግን አልመክርም፤ ደንግጦ ይቀራል።

ወደ አፕ ስንመጣ፣ ዱኦሊንጎ ለቃላት ይሁን፤ በአማርኛ በኩል የሚያስተምር ኮርስ የለውም፣ ለማውራትም ብዙ አያግዝም። ሄሎቶክና ታንደም ከውጭ ሰው ጋር ያገናኛሉ፤ እህቶች ግን ተጠንቀቁ፣ ቋንቋ ልማር ብሎ ጀምሮ ጀንጅኖ የሚጨርስ አይጠፋም። በቪዲዮ ከአስተማሪ ጋር የሚያገናኘው ካምብሊ ጥሩ ነው፣ ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ እንጂ። ውጭ ዘመድ ያለው ያስከፍል።

ቻትጂፒቲን በድምፅ ማዋራትም ይቻላል። አይሰለችም፣ አይስቅባችሁም። ችግሩ ተሳስታችሁም "ጎበዝ" ይላል። ስትጀምሩ "ስሳሳት አስቁመህ አርመኝ" በሉት። ዳታ ስለሚበላ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ይሻላል።

ምንም ብር ለማያወጣ ደግሞ የቢቢሲ ለርኒንግ ኢንግሊሽ "ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ" የሚባል የድምፅ ዝግጅት ከነጽሑፉ በነፃ አለ። አድምጦ ማለፍ አይጠቅምም። አንድ ዓረፍተ ነገር ስሙ፣ አቁሙት፣ በዚያው ዜማ ድገሙት፣ ድምፃችሁን ቅዱና ከዋናው ጋር አስተያዩ። ከዚያ የስልካችሁን ኪቦርድ ማይክ ተጭናችሁ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በሉት። sheep (በግ) ብላችሁት ship (መርከብ) ብሎ ከጻፈ አናባቢው ላይ ገና ሥራ አለባችሁ። ከማንም አስተማሪ በላይ ይሉኝታ የሌለው ፈታኝ ነው።

ለውጭ አገር ትምህርት አይልትስ የምትፈተኑ ከሆነ ነገሩ ይለያል። የንግግር ፈተናው ከ11 እስከ 14 ደቂቃ ብቻ ነው። ሁለተኛው ክፍል ላይ 1 ደቂቃ ትዘጋጃላችሁ፣ ከዚያ እስከ 2 ደቂቃ ብቻችሁን ታወራላችሁ። የናሙና ርዕሶቹ በነፃ ስለሚገኙ ለነሱ ብር አታውጡ።

እንክፈል ካላችሁኝ ደግሞ ሁለት ጓደኛ ጨምራችሁ አንድ የግል አስተማሪ ያዙ። ለሦስት ስትካፈሉት ዋጋው ቀለል ይላል፤ በሰዓት ለእያንዳንዳችሁ 15 ደቂቃ አይጠፋም። ስትስማሙ ግን ቁርጥ አድርጋችሁ ንገሩት፦ እሱ ጠይቆ ያርማል፣ እናንተ ታወራላችሁ፣ ደብተር የሚባል ነገር አይወጣም።