የድሮ ጥቁርና ነጭ የመርማሪ ፊልሞች፦ ከየት ልጀምር? ምስሉና ድምፁስ እንዴት ይስተካከላል?

ሰብለ ከአዳማ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ማታ ማታ አብረን ፊልም እናያለን። የዛሬ ፊልም አይሆንለትም። ጩኸቱ ይበዛበታል፤ ሁለት ሰዓት ተኩል መቀመጥም ይሰለቸዋል። የሚወደው የወንጀል ምርመራ ነው። ገዳዩን ከመርማሪው ቀድሞ ካወቀ ደስታው ሌላ ነው። አንዲት ጓደኛዬ በ1930ዎቹና በ40ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በትንሽ በጀት የተሠሩትን አጫጭር የመርማሪ ፊልሞች ሞክሩ አለችን። ጥቂት አወረድኩ። ታሪኮቹን ወደናቸዋል፤ ቅጂዎቹ ግን አስቸገሩን።

የሰዎቹ ፊት ወደ ጎን ተለጥጦ ወፍራም ሆኖ ይታያል። ሌሊት የሚሆን ነገር ሲመጣ ከጨለማ በቀር ምንም የለም። ድምፁ ሽሽታ ይበዛዋል፤ አባቴ ደግሞ ጆሮው ትንሽ ስለደከመ ንግግሩ ያመልጠዋል። አንዱን ፊልም ሁለት ቦታ አገኘሁት፤ አንዱ ከሌላው በጥቂት ደቂቃ ያጥራል። የቱ ነው ሙሉው? ቻርሊ ቻን የሚባለውን መርማሪም ከመጀመሪያው ፊልም ጀምሮ በተራ ማየት ይፈልጋል፤ መጀመሪያውን ግን የትም አጣሁት።

የምናየው በስማርት ቲቪ ነው፤ አንዳንዴ በፍላሽ፣ አንዳንዴ ከላፕቶፕ በኬብል። የምጠቀመው የሞባይል ዳታ ስለሆነ ሁሉንም እያወረድኩ መሞከር አልችልም። የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

ዮናታን ከሲልቨር ስፕሪንግ

ሰብልዬ፣ ከፊቱ መለጠጥ እንጀምር፤ ቀላሉ እሱ ነው። እነዚህ ፊልሞች የተሠሩት ወደ ካሬ ለቀረበ ስክሪን ነው፤ ስፋቱ የቁመቱ 1.37 እጥፍ ቢሆን ነው። የዛሬ ቴሌቪዥን 16 በ9 ነው። ባዶውን ቦታ ለመሙላት ሲል ምስሉን ወደ ጎን ይስበዋል። በሪሞቱ የምስል መጠን የሚለውን ፈልጊና 4 በ3 ወይም ኦሪጅናል የሚለውን ምረጪ። ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይቀራል፤ ትክክሉ እሱ ነው። ዙም የሚለውን አትንኪ፤ ከላይና ከታች ይቆርጣል። በመርማሪ ፊልም ደግሞ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ያለች ብርጭቆ ፍንጭ ልትሆን ትችላለች።

ከላፕቶፕ ቪኤልሲ በሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ስታጫውቺ የኤ ቁልፍን ደጋግመሽ ተጫኚ። ምጥጥኑ ይቀያየራል፤ 4 በ3 ላይ ሲደርስ ተዪው። ፋይሉ ራሱ ተለጥጦ የተቀዳ ቢሆን እንኳ ይስተካከላል።

ጨለማው ሁለት ምክንያት አለው። አንዱ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ለነዚህ ፊልሞች የሚመደበው ገንዘብም ጊዜም ጥቂት ነበር። ጥላና ጭጋግ ርካሽ ነው፤ ከሌላ ፊልም የተረፈን ግድግዳ አዲስ ያስመስላል። ጎበዝ ካሜራማን እጅ ላይ ሲወድቅ ደግሞ ፍርሃቱን የሚያመጣው እሱው ራሱ ነው። ሁለተኛው ግን የቅጂው ጥፋት ነው። በየቦታው የሚዞረው ፋይል ብዙ ጊዜ ለቴሌቪዥን ጣቢያ ከተዘጋጀ ባለ16 ሚሊሜትር ፊልም፣ ያውም ከቅጂ ቅጂ የተወሰደ ነው። በተቀዳ ቁጥር መሀል ያለው ግራጫ እየጠፋ ይሄዳል። ይሄን ቴሌቪዥንሽ ሊመልሰው አይችልም፤ የተሻለ ቅጂ መፈለግ ነው ያለው መፍትሔ።

እስከዚያው የምስል ሁነታውን ከቪቪድ ወደ ሲኒማ ወይም ፊልም ቀይሪው። አንድ የሌሊት ትዕይንት ላይ አቁሚና የጥቁር ኮት እጥፋት እስኪለይ ድረስ ብቻ ብራይትነሱን ከፍ አድርጊው። ከዚያ ካለፈ ሁሉም አመድ ይሆናል። እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውንም የቲቪ ቅንብር አጥፊው፤ የድሮ ፊልም አይወድለትም።

ማርታ ሲኒማ

ሰብለ፣ ለአባትሽ መጀመሪያ የማቀርበው የባዚል ራትቦንን ሼርሎክ ሆምስ ነው። እሱ ሆምስን፣ ናይጄል ብሩስ ዶክተር ዋትሰንን ሆነው 14 ፊልም ሠርተዋል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሁለቱ በ1939 በፎክስ ስቱዲዮ በደህና በጀት የተሠሩ ናቸው። ከ1942 እስከ 1946 የወጡት 12ቱ የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ናቸው፤ አንቺ የምትፈልጊው እነዚህን ነው። በጀታቸው ትንሽ፣ ርዝመታቸው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። 11ዱን ዳይሬክት ያደረገው ሮይ ዊልያም ኒል ነው። እኔ እንደሱ በትንሽ ገንዘብ ጥሩ ድባብ የሚፈጥር ሰው ብዙ አላየሁም።

ከ12ቱ አራቱን አሜሪካ ውስጥ ማንም በነፃ ሊያያቸው ይችላል፤ የቅጂ መብታቸው አብቅቷል። ያኔ ሕጉ መብቱን የሚሰጠው ለ28 ዓመት ነበር። ባለቤቱ ካላሳደሰው በዚያው ያበቃል። ለትንንሽ ፊልሞች ብዙ ጊዜ አያሳድሱም ነበር። አራቱ «ሼርሎክ ሆምስ ኤንድ ዘ ሲክሬት ዌፐን»፣ «ዘ ውማን ኢን ግሪን»፣ «ቴረር ባይ ናይት» እና «ድረስድ ቱ ኪል» ናቸው። ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በተለያየ የፋይል መጠን ታገኛቸዋለሽ። አነስተኛውን ፋይል መጀመሪያ ሳታወርጂ አምስት ደቂቃ ያህል እዚያው ተመልከቺና ወስኚ፤ ዳታሽ ይተርፋል።

በ«ቴረር ባይ ናይት» ጀምሩ። ልክ 60 ደቂቃ ነው። ከለንደን ወደ ኤድንብራ የሚሄድ የሌሊት ባቡር አለ፤ «የሮዴሺያ ኮከብ» የሚባል አልማዝ ተጭኗል፤ ሆምስ እንዲጠብቀው ተቀጥሯል። ከዚያ ሰው ይሞታል። ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ ባቡሩ ውስጥ ናቸው፤ ማንም መውረድ አይችልም። አብዛኛው ታሪክ የሚያልቀው ጠባብ ኮሪደርና ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ ነው። በጀት ማጠሩ እዚህ ላይ ፊልሙን ጠቀመው እንጂ አልጎዳውም፤ መተንፈሻ የለም። አባትሽ ዕቃ መጫኛው ፉርጎ ውስጥ የገባውን የሬሳ ሣጥን ልብ ይበሉት። ከዚህ በላይ አልናገርም።

ቀጥሎ «ድረስድ ቱ ኪል»። እስረኛ የሠራቸው ሦስት የሙዚቃ ሣጥኖች በጨረታ ይሸጣሉ፤ ዜማቸው ውስጥ ምስጢር ተደብቋል። ጆሯቸው ቢደክምም ዜማው ላይ ያለውን ልዩነት ለመያዝ ይሞክሩ። «ዘ ውማን ኢን ግሪን» ጥሩ ነው፤ ግን የተገደሉት ሴቶች ጣታቸው ስለሚቆረጥ በእራት ሰዓት ባታዩት ይሻላል።

ጥራት ካማረሽ፣ የሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፊልምና የቴሌቪዥን ማኅደር እነዚህን ፊልሞች አድሷቸዋል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለሽ የታደሰውን ዲስክ አስመጪ። ከዩቲዩቡ ጋር ጎን ለጎን ስታዪው የልብስ ስፌት ሳይቀር ይታያል። በኮምፒውተር ቀለም የተቀቡም ይዞራሉ፤ እነሱን እለፊያቸው። መብራቱ የተሰናዳው ለጥላ እንጂ ለቀለም አይደለም።

ሳሚ ሳውንድ

ስለ ድምፁ እኔ ልግባ። ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ድምፅ መጨመር ነው፤ ሽሽታውም አብሮ ይጨምራል። ቪኤልሲ ላይ ኮንትሮልና ኢ ስትጫኚ ኢኳላይዘር (የድምፅ ማስተካከያው) ይከፈታል። በቀኝ ጫፍ ያሉትን 12፣ 14 እና 16 ኪሎ ኸርዝ እስከታች ድረስ አውርጃቸው። የዚያ ዘመን ድምፅ ፊልሙ ጠርዝ ላይ በብርሃን የተቀረጸ ስለሆነ እዚያ አካባቢ ንግግር ብዙም የለም፤ ያለው ሽሽታ ነው። በግራ ጫፍ 60ንም አውርጂ፤ ጉምጉምታው ይቀንሳል። 1 እና 3 ኪሎን ትንሽ ከፍ አድርጊ። የቃል ጥራት ያለው እዚያ ነው፤ በተለይ ጆሮው ለደከመ ሰው። ብዙ አትጨምሪ፣ ጆሮ ይወጋል።

በፍላሽ ቀጥታ ከቲቪው ስታዩ ደግሞ ድምፅ ውስጥ ገብተሽ ንግግር የሚያጎላውን ሁነታ ምረጪ። በነዚያ ፊልሞች ሰዎቹ በጣም ፈጥነው ነው የሚያወሩት፤ ሰዓቱ አጭር ስለሆነ ታሪኩ በንግግር ነው የሚሮጠው። ቪኤልሲ ላይ ፍጥነቱን 0.9 ብታደርጊው ብዙም ሳይታወቅ ትንሽ ፋታ ይሰጣል።

ዮናታን ከሲልቨር ስፕሪንግ

ስለ ርዝመቱ ረስቼው ነበር። ባጠረው ቅጂ ላይ የሰዎቹ ድምፅ ቀጠን ካለ፣ ምንም ላይቆረጥ ይችላል። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው። የአውሮፓ ቴሌቪዥን 25 ስለሆነ ፈጠን ይላል፤ የ60 ደቂቃው ፊልም ወደ 57 ተኩል ይወርዳል። ድምፁ ያው ሆኖ ካጠረ ግን ጣቢያ ለማስታወቂያ ቆርጦት ይሆናል። ሁለቱንም መሀል ላይ በተመሳሳይ ትዕይንት አቁሚና ሰዓቱን አነጻጽሪ። ልዩነቱ ቀስ እያለ የሚያድግ ከሆነ ፍጥነት ነው፤ በአንድ ጊዜ ከዘለለ ቁርጥ ነው።

ጋሽ ኃይሉ

ልጄ፣ አባትሽ የቻርሊ ቻንን መጀመሪያ ማጣታቸው የአንቺ ጥፋት አይደለም። ቻንን የተጫወተው ዋርነር ኦላንድ የጀመረበት የ1931 ፊልም ጠፍቷል። ከመጀመሪያዎቹ አምስቱ የተረፈው «ዘ ብላክ ካምል» ብቻ ነው፤ እሱም የ1931 ነው፤ ከፊሉ ሆኖሉሉ ድረስ ተሂዶ የተቀረጸ ነው። የቀሩት አራቱ እስከ ዛሬ አልተገኙም። የዚያን ጊዜ ፊልም የሚሠራበት ናይትሬት ቶሎ ይቃጠል ነበር። በ1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ ያለው የፎክስ ማከማቻ በእሳት ሲወድም ብዙ የቀድሞ ሥራዎቹ አብረው ጠፍተዋል። ያሳዝነኛል። እንግዲህ በ«ዘ ብላክ ካምል» ጀምሩና ወደ 1934ቱ «ቻርሊ ቻን ኢን ለንደን» እለፉ። ከዚያ በኋላ ያሉት የኦላንድ ፊልሞች ሁሉ አሉ።

ኦላንድ በ1938 ሲሞት ሲድኒ ቶለር ተተካ። ፎክስ በ1942 አቆመው፤ ከ1944 ጀምሮ ሞኖግራም የሚባለው ትንሽ ስቱዲዮ ቀጠለው። በጀቱ መቀነሱ ወዲያው ይታያል፤ ክፍሎቹ ባዶ ናቸው፣ ሰዉ ቆሞ ብቻ ያወራል። ጊዜያችሁን በፎክሶቹ ላይ አጥፉ።

ሊያ ከቶሮንቶ

ጋሼ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። አንድ ነገር ግን ሳይነገራት መጀመር የለባትም። ቻን ቻይናዊ ነው፤ ኦላንድ ስዊድን የተወለደ ነጭ ነው፤ ቶለርም አሜሪካዊ ነጭ ነው። እስያውያን ለብዙ ዓመታት ሲቃወሙት የኖሩት በዚህ ነው። በሞኖግራሞቹ ደግሞ ማንታን ሞርላንድ የሚባለው ጥቁር ተዋናይ ሁልጊዜ የሚደነግጥና የሚሸሽ ሹፌር ነው። ሰውየው በጣም የሚችል ኮሜዲያን ነበር፤ የተሰጠው ግን ያ ብቻ ነው። እኔ ከልጆቼ ጋር ሳየው ተናድጄ አጥፍቼዋለሁ። ከአባትሽ ጋር አስቀድመሽ ተነጋገሪበት።

ከዚያ ይልቅ የ1940ውን «ፋንተም ኦቭ ቻይናታውን» ፈልጊ። የሞኖግራም ርካሽ ፊልም ነው። ሚስተር ዎንግ የሚባለውን ቻይናዊ መርማሪ ከዚያ በፊት አምስት ጊዜ የሠራው ቦሪስ ካርሎፍ ነበር፤ እሱም እንግሊዛዊ ነው። በዚህኛው ግን ኪ ሉክ ገባ። ቻይና የተወለደ፣ በቻን ፊልሞች ውስጥ የመርማሪው ልጅ ሆኖ የምናውቀው ሰው፣ እዚህ ራሱ መርማሪ ነው።

ጋሽ ኃይሉ

ሊያ እውነቷን ነው። ኪ ሉክን ለማየት ስል እኔም የቻንን ፊልሞች እወዳቸዋለሁ። ልጅየው ቀልጠፍ ያለ፣ ዘመናዊ፣ አባቱን የሚወድ ነው። ይህን እያወቁ ማየት ይቻላል ባይ ነኝ፤ ግን ሳያውቁ መግባት ጥሩ አይደለም።

ሰብለ ከአዳማ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ «ቴረር ባይ ናይት»ን አየን። 4 በ3 አድርጌው ፊታቸው ተስተካከለ። ኢኳላይዘሩን ሳሚ እንዳለው ሳደርገው አባቴ «አሁን ገና ሰማሁ» አለኝ። የሬሳ ሣጥኑን ነገር አልነገርኩትም፤ ራሱ ጠረጠረ፤ ገዳዩን ግን አላገኘውም። ጋሼ፣ ሊያ፣ የተባባላችሁትንም አነበብኩለት። መጀመሪያ የኪ ሉክን እንይ ብሏል።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ሳብታይትል አውርጄ ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ልክ ነው፣ እየቆየ ሲሄድ ከንግግሩ ይቀድማል።

ዮናታን ከሲልቨር ስፕሪንግ

እየቆየ የሚቀድም ከሆነ ሳብታይትሉ የተሠራው ለ25 ፍሬሙ ፈጣን ቅጂ ነው። ቪኤልሲ ላይ የጂና የኤች ቁልፎች ሳብታይትሉን ሁሉ እኩል ነው የሚገፉት፤ አስር ደቂቃ ሳይቆይ እንደገና ይዛባል። ስለዚህ ሳብታይትል ከምታወርጂበት ገጽ ላይ 23.976 ወይም 24 ፍሬም የሚል የተጻፈበትን ምረጪ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኩል ሰከንድ የሚዛባ ከገጠመሽ ያኔ ጂና ኤች ይበቁሻል፤ ያ የሚመጣው የመክፈቻው ጽሑፍ ሲቆረጥ ነው።

ማርታ ሲኒማ

አራቱን የሆምስ ፊልሞች ስትጨርሱ የኮሎምቢያ ስቱዲዮን «ቦስተን ብላኪ» ፈልጉ። ቼስተር ሞሪስ ከ1941 እስከ 1949 በ14 ፊልም ሠርቶታል፤ የቀድሞ ሌባ ነው፣ ፖሊስ ሁልጊዜ እሱን ነው የሚጠረጥረው። ከአርኬኦ ስቱዲዮ ደግሞ «ዘ ፋልከን» አለ። መርማሪውን ይሠራ የነበረው ጆርጅ ሳንደርስ ሲሰለቸው በ1942ቱ «ዘ ፋልከንስ ብራዘር» ቦታውን ለእውነተኛ ወንድሙ ለቶም ኮንዌይ አስረከበ፤ ሁለቱም እዚያ ፊልም ላይ አሉ። አባትሽ ወንድማማች መሆናቸውን ከፊታቸው ይለዩ እንደሆነ ሳትነግሪያቸው አሳያቸው።