ካውንቲው ጓሮዬ ውስጥ የእግር መንገድ ሊያወጣ ነው፣ ቶሎ መልሱልኝ!

ባለጓሮው፦
የሚያውቅ ሰው ካለ እባካችሁ። ዛሬ ጠዋት ሰዎች መጥተው ጓሮዬ ውስጥ ሮዝ ባንዲራ ተክለው ሄዱ። አንዱ ቃሪያ መደቤ መሀል ነው! ባለፈው ከካውንቲው ደብዳቤ መጥቶ ነበር። «በኢዝመንቱ ላይ የሕዝብ የእግርና የብስክሌት መንገድ እንሠራለን» ይላል። ኢዝመንት የሚሉት መሬቴ ላይ ሌላ አካል የመጠቀም መብት ያለበትን ቦታ ነው። የሚፈረም ወረቀትም አብሮ አለ። ቤቱን ስንገዛ ማንም ምንም አላለንም። ባንዲራውን ነቅዬ ልጣለው? ሰኞ ተመልሰው ይመጣሉ።

የአራት ኪሎው፦
ሎየር (ጠበቃ) ያዝ።

ጋሽ መምህር፦
ነገሩን ከሥሩ እንየው። እኛ አገር መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። እዚህ ግን የግል ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት አምስተኛ ማሻሻያ መንግሥት የግል ንብረት ለሕዝብ ጥቅም ሲወስድ ተገቢ ካሳ ይክፈል ይላል። ስለዚህ የግል ነው ማለት አይነካም ማለት አይደለም። ይህን ልዩነት ብዙ ወገኖቻችን…

የአራት ኪሎው፦
ጋሼ፣ ሰኞ ይመጣሉ እኮ ነው የሚለው 😂

ቀያሽ ነኝ፦
ባንዲራውን እንዳትነካ። ሮዝ ጊዜያዊ የቅየሳ ምልክት ነው። ሊቆፈር የታሰበ ቦታ በነጭ ነው ምልክት የሚደረግበት። ቀይ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ቢጫ የጋዝ፣ ሰማያዊ የውሃ፣ አረንጓዴ የፍሳሽ ነው። ሮዝ ብቻ ካየህ ገና እየለኩ ነው። ደግሞ የት ስቴት ነህ? ኢዝመንቱስ የማን ነው? ዋናውን ነገር ዘለልከው።

ባለጓሮው፦
ሜሪላንድ። ኢዝመንቱ የዚህ አገር መብራት ኃይል ነው፣ ከኋላ ትልቅ የሽቦ ማማ አለ። ግን መሬቱ የኔ ነው! ታክሱን የምከፍለው እኔ ነኝ!

የመንትዮች እናት፦
ወንድሜ፣ ታክስ መክፈልህ ኢዝመንቱን አያጠፋውም። መሬቱ ያንተ ነው፣ በዚያ በኩል የመጠቀም መብቱ ደግሞ የነሱ። እና መንገዱ ምን አደረገህ? እኛ ሰፈር ሲሠራ ሰው ሁሉ ጮኾ ነበር። አሁን እናቴ ጠዋት ጠዋት ነጠላዋን አጣፍታ የምትንሸራሸረው በሱ ነው።

ባለጓሮው፦
ያንቺ ጓሮ ውስጥ አይደለማ!

ወረቀት አገላባጭ፦
ለሽቦ የተሰጠ መብት ለሕዝብ መተላለፊያ የተሰጠ ነው ማለት አይደለም። ሁሉም በጽሑፉ ይወሰናል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ለምን ፊርማዬን ፈለጉ ብዬ ነው። ያለው ኢዝመንት ቢበቃቸው ኖሮ አዲስ ባላስፈረሙህ ነበር።

የክሎዚንግ ወረቀቶችህን፣ ቤቱን ስትገዛ የፈረምካቸውን፣ አውጣ። የታይትል ኢንሹራንሱ (የባለቤትነት መድኑ) «ሼጁል ቢ» የሚለው ገጽ ላይ ኢዝመንቶቹ ይዘረዘራሉ። «ማንም አልነገረንም» ያልከው እዚያ ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ከዚያ የኢዝመንቱን ዋና ሰነድ ከሜሪላንድ የመሬት መዝገብ ድረ ገጽ ላይ አውርድ፣ ተመዝግበህ ስትገባ በነጻ ነው። ሁለት ነገር እይ፦ ወርዱ ስንት ጫማ ነው? ለማስተላለፊያ መስመር ብቻ ነው ወይስ ለሌላም ይላል?

ዝም ብለህ እንቢ አትበል። ካውንቲው ፍርድ ቤት ሄዶ ካሳ ከፍሎ ሊወስደው ይችላል። ይልቅ ተደራደር። መንገዱ ወደ ማማው ይጠጋ፣ አጥር ይሥሩልህ፣ ውሃው ወደ ቤትህ እንዳይፈስ ይጻፍልህ። የፌደራል ገንዘብ ካለበት መሬት ለሕዝብ ሥራ ሲወሰድ ባለመሬቱን የሚጠብቀው የ1970 (እ.ኤ.አ.) የፌደራል ሕግ ይመለከታቸዋል፣ ዋጋውን እንዴት እንደገመቱ ጠይቃቸው።

የአራት ኪሎው፦
ሎየር ያዝ ብያለሁ። ግን ክሎዚንግ ያደረገልህን አይደለም፣ ለባለመሬት ከመንግሥት ጋር የሚከራከር።

ባለጓሮው፦
በብስክሌት የሚሄድ ሰው ወድቆ ቢከሰኝስ?

ወረቀት አገላባጭ፦
ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሕዝብ በነጻ እንዲዝናናበት መሬቱን ለሚፈቅድ ሰው ከለላ የሚሰጥ ሕግ አለ። ሆን ብለህ ጉድጓድ ካልቆፈርክለት በቀር። እሱም ቢሆን ውሉ ላይ ይግባልህ፣ ኃላፊነቱን ካውንቲው ይውሰድ።

ቀያሽ ነኝ፦
ሰኞ ምን አሉ?

የመንትዮች እናት፦
ጠፋ እኮ ሰውዬው።

ሄለን ከቨርጂኒያ፦
ይቅርታ፣ ልግባ። እኔም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደርሶኛል። ቨርጂኒያ ሰነዱን የት ነው የማየው?

ወረቀት አገላባጭ፦
የሰርኪት ኮርት ክለርክ ቢሮ ሂጂ፣ የመሬት መዝገቡ እዚያ ነው። ግን ጥያቄሽን ለብቻው ጻፊው፣ ይሄኛው ተዘበራርቋል። ወረቀቱን እንዳትፈርሚ ደግሞ!