አስቸኳይ! ጥንብ አንሳ የኪራይ መኪናችንን ላስቲክ እየነጨ ነው

ሚሚ፦ እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ጥንብ አንሳዎች መኪናችን ላይ ሰፍረዋል። የአንዱ ዋይፐር ላስቲክ አልቋል፤ አሁን ወደ በሩ ጎሚኒ ዞረዋል። ክላክስ ባደርግ ዘወር ብለው አይተውኝ ሥራቸውን ቀጠሉ። ጀልባው ሊነሳ 30 ደቂቃ ቀርቶታል፤ ቲኬት ቆርጠናል። ምን ላድርግ?

የቄራ ልጅ፦ ስንት ናቸው? ቁርጥ ጭናችሁ ነው?

ሹፌሩ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ የት ነሽ?

ሚሚ፦ ይቅርታ፣ ፍሎሪዳ። ኤቨርግሌድስ ፓርክ፣ ፍላሚንጎ የጀልባ ማቆሚያው (ማሪናው) ጋ። አምስት ናቸው። ቁርጥ የለም፣ ቆሎ ብቻ።

ጠያቂው፦ ጥንብ አንሳ ጥንብ እንጂ ላስቲክ አይበላም። ቁራ ይሆናል።

ሚሚ፦ ጭንቅላቱ ራሰ በራ ነው ወንድሜ! ዓይን ለዓይን እየተያየን ነው።

ጋሽ መምህር፦ ልጄ፣ የቆምሽበትን ቦታ እወቂው። ፓርኩ የተከፈተው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው። የምታያቸው ዛፎች ማንግሮቭ ይባላሉ፤ ጨው ውሃ ውስጥ ይኖራሉ። ቀዩ በረጃጅም ሥሮቹ ቆሞ ሸረሪት ይመስላል። ጥቁሩ ደግሞ ለመተንፈስ ሥሩን እንደ እርሳስ ከጭቃው ቀጥ አድርጎ ያወጣል። ቅጠሉን ላስ ብታደርጊው ጨው ጨው ይላል። አዞና የአዞ ዘመድ የሆነው አሊጌተር በተፈጥሮ አብረው የሚኖሩትም እዚያ ደቡብ ፍሎሪዳ ነው። አፉ ሾጠጥ ያለው፣ አፉን ዘግቶም የታች ጥርሱ የሚታየው አዞው ነው።

ሚሚ፦ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን ጎሚኒውስ? ባለቤቴ ድንጋይ አንስቷል።

ሹፌሩ፦ ይጣለው! በፌዴራል ሕግ የተጠበቁ ወፎች ናቸው፤ ሕጉ ከ1918 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ምግብም እንዳትወረውሩላቸው። መፍትሔው ሸራ ነው። ሮያል ፓልም በሚባለው የፓርኩ ክፍል ሸራና የላስቲክ ገመድ ለጎብኚ ያውሳሉ፣ እኔም ተውሻለሁ። አንቺ እዚያው የፓርኩን ጠባቂ (ሬንጀሩን) ጠይቂ። ከሌለ ዋይፐሩንና የጣሪያውን መስኮት ዳር በፎጣ ሸፍኑት፤ ጫፉን በር ላይ አስይዛችሁ ዝጉ። መኪናውንም ሰው ወደሚበዛበት አስጠጉት።

የቄራ ልጅ፦ ገመዱም ላስቲክ ነው አልክ? ለእነሱ ምሳ ከነማወራረጃው!

ዮዮ፦ ሸራ አልብሷት።

ሹፌሩ፦ ተብሏል እኮ ዮዮ።

ጠያቂው፦ ለምን አስቀድማችሁ አላነበባችሁም? ማስጠንቀቂያው ፓርኩ ገጽ ላይ አለ።

ሚሚ፦ ሁለት ልጅ ይዞ ማን ያነባል? ደግሞ ኢንሹራንሱ ይከፍላል?

ሹፌሩ፦ እንስሳ ያደረሰውን ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚሸፍነው ኮምፕርሄንሲቭ የሚባለው፣ ከግጭት ውጭ ላለ ጉዳት የሚከፍለው ኢንሹራንስ ነው። የኪራይ ውልሽን እይ። አሁኑኑ ፎቶ አንሺ፣ ወፎቹም ይግቡበት፤ አለበለዚያ ማንም አያምንሽም። ደግሞ ላስቲኩ ያለቀውን ዋይፐር እንዳታስነሺው፣ ብረቱ መስታወቱን ይቧጭረዋል። ከፍላሚንጎ እስከ ፓርኩ በር ወደ 61 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዝናብ ከመጣ ጥግ ይዛችሁ ቁሙ። ከፓርኩ ውጭ ያለችው ከተማ ሆምስቴድ ስትደርሱ ዋይፐር ግዙ።

ሚሚ፦ ሸራ ተገኘ! ግን አጠረ፣ የኋላውን አይደርስም። ጀልባው እየጠራን ነው።

ጋሽ መምህር፦ ጀልባው ላይ ሆናችሁ ውሃውን እዩ። ማናቲ የምትባለው ትልቅ የውሃ እንስሳ አፍንጫዋን ብቻ ነው ብቅ የምታደርገው።

ዮዮ፦ የኋላውን በፎጣ!

ሹፌሩ፦ (ከሁለት ቀን በኋላ) ሚሚ፣ እንዴት ሆነ? የኋላው ዋይፐር ተረፈ?

የቄራ ልጅ፦ ዝም ካለች መኪናዋንም በልተዋታል።