ፓቺንኮን ከየት ላግኝ ላላችሁኝ

«ወፈር ያለ፣ ከአያት እስከ የልጅ ልጅ የሚዘልቅ ልብ ወለድ ጠቁመኝ። ስደት ያለበት ቢሆን ደስ ይለኛል» ያለችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሳላስብ «ፓቺንኮ» አልኳት። ደራሲዋ ሚን ጂን ሊ ናት፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

ታሪኩ እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1989 ይሄዳል፤ አራት ትውልድ። ኮሪያ ውስጥ፣ ቡሳን ከተማ አጠገብ አልጋ ከሚያከራዩና ምግብ ከሚያቀርቡ ድሃ ቤተሰብ ይነሳል። ልጃቸው ሱንጃ አግብታ ጃፓን፣ ኦሳካ ትገባለች፣ ባሏ ሲታሰርባት ኪምቺ (የኮሪያ ቅመም የበዛበት ጎመን) በጋሪ እየሸጠች ልጆቿን ታሳድጋለች። ልጆቹ ጃፓን ተወልደውም ጃፓናዊ አይባሉም። የልጅ ልጇ 14 ዓመት ሲሞላው ልደቱን ከማክበሩ በፊት ቢሮ ሄዶ የውጭ ዜጋ ተብሎ አሻራ ይሰጣል። ያቺን ቦታ ሳነብ መጽሐፉን ከድኜ ትንሽ ተቀመጥኩ። ፓቺንኮ እንግዲህ የቁማር ማሽን ነው፤ ኮሪያውያኑ ሌላው በር ሲዘጋባቸው የገቡበት ንግድ።

ስሞቹ ያደናግራሉ ብላችሁ አትፍሩ። ቤተሰቡ ክርስቲያን ነው። የሱንጃ ባል ኢሳክ ይስሐቅ ነው፣ ወንድሙ ዮሴብ ዮሴፍ፣ ልጆቿ ኖአ ኖኅ፣ ሞዛሱ ሙሴ። የልጅ ልጇ ሰሎሞንማ ያው ሰሎሞን ነው። እኛ ከብዙ አንባቢ ይልቅ ይቀለናል።

ደግሞ ነገሩ ለአዲስ አበባ ሰው ሩቅ አይደለም። ፒያሳ አካባቢ አርመን ሰፈር ያደገ ያውቀዋል። ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባ የአርመን ልጆች፣ ሙዚቃ ያስተማራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ እዚሁ ወልደው እዚሁ የኖሩት አርመኖች። ስለ እነሱ እንዲህ ያለ ወፍራም ልብ ወለድ በአማርኛ ቢጻፍ ሌሊቱን ሙሉ ነበር የማነበው።

አሁን ወደ ግዢው። እኔ መጀመሪያ የገዛሁት መንገድ ላይ ክንዱ ላይ መጽሐፍ ደርድሮ ከሚዞር ልጅ ነው። ርካሽ ነበር። ፎቶ ኮፒ መሆኑን ያወቅኩት ቤት ገብቼ ነው። ፊደሉ ፈዟል፣ መሃል ላይ ደግሞ ገጽ ጎድሏል። ባልየው ታሰረ፣ ገጽ ገለጥኩ፣ ልጁ አድጓል! በመሃል ምን እንደሆነ ጭራሽ አላገኘሁትም። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ላይ አሥር ገጽ ከጎደለ አሥር ዓመት ጎደለ ማለት ነው። ስለዚህ ከአዟሪ ስትገዙ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ገጹን ቁጠሩ። መጽሐፉ ወደ 500 ገጽ ይጠጋል።

አዲሱን ከመጽሐፍ መደብር መግዛት ሰላም አለው፣ ግን ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ መጽሐፍ ኪስ ያራግፋል። ለስጦታ ካልሆነ እኔ አልመክርም። ስልክ ላይ ፒዲኤፍ የሚያነቡም አሉ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ «ይቺ ሴትዮ ማን ነበረች?» ማለት ግን በስልክ አይመችም።

ገንዘብ ማውጣት የማትፈልጉ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው ማለት ነው። መግቢያው ነጻ ነው፣ ወንበሩም ይመቻል። መጽሐፉ መኖሩን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። እዚያው ተቀምጦ ለመጨረስ በየቅዳሜው መመላለስ ስለሚጠይቅ፣ ሥራ የበዛበት ሰው መሃል ላይ ይተወዋል።

የእኔ ምርጫ ያገለገለ ኦሪጅናል ነው። አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችን እየዞራችሁ ጠይቁ። ከሌላቸው «ሲመጣ ደውልልኝ» ብላችሁ ስልክ ተዉ፤ እኔ ሁለተኛውን ያገኘሁት እንደዚያ ነው። ሽፋኑ ተቀዷል፣ የቀድሞው ባለቤት ደግሞ ዳር ዳሩን በእርሳስ ሞልቶታል። ኖአ ያለበት ገጽ ሁሉ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት አለ። ለባልደረባዬ አውሼያታለሁ፤ ሦስት ሳምንት ሆናት፣ እስካሁን አልመለሰችም።