በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ቀላቅላ እህቴ አፈናት፤ ምን ላድርግ?

ቤተልዬ፦ ሰላም ቤተሰብ። ነገ ክርስትና አለብን። እንግዳ ይመጣል ብለን ቤቱን ስናጸዳ እህቴ ሽንት ቤቱ ላይ በረኪና ደፋች። እድፉ አልለቅ ሲላት ያንን ኃይለኛ አሲድ ጨመረችበት። ወዲያው ቱሽሽ ብሎ አረፋው ፈላ፣ ቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ጭስ ወጣ። በሩ ዝግ ነበር። ሁለት ደቂቃ ብትቆይ ነው፤ እየሳለችና ዓይኗ እያነባ ወጣች። አሁን ግማሽ ሰዓት ሆኗል። ጉሮሮዋን ይከረክራታል፣ ደረቷን ጨምድዶ ይዟታል። ልጅ እያለች አስም ነበረባት። እማዬ ወተት ስጧት ትላለች። ሐኪም ቤት እንሂድ ወይስ ይለቃታል?

ሲስተር ማ፦ ድንገተኛ ክፍል ነው የምሠራው። የኔ እህት፣ አሁኑኑ ሂዱ። አስም የነበረባት ሰው ደረቷን እየያዛት ቤት ውስጥ አይጠበቅም። የተነሳው ክሎሪን ጋዝ ነው። የዓይንና የሳንባ እርጥበት ሲያገኘው አሲድ ይፈጥራል፤ የሚያቃጥላት እሱ ነው። ቁጭ ብላ ትሂድ፣ አታስተኟት፣ ደረጃም በሩጫ አታውርዷት። ዓይኗ ካቃጠላት በንጹህ ውሃ ይታጠብ። ልብሷ ላይ ከተረጨ አውልቁላት፤ ጠባብ ሹራብ ከሆነ ፊቷ ላይ ከምትጎትቱት በመቀስ ቅደዱት። የሁለቱንም ጠርሙስ ፎቶ አንሺ፣ ሐኪሙ ይየው። መኪና ከሌለ 907 ደውሉ።

ጋሽ ሺ፦ ኧረ አታስጨንቋት። ወተት መርዝ ያረክሳል፣ እኛ በዚሁ ነው ያደግነው። ሎሚም አሽትቷት።

ሲስተር ማ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ወተቱ የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው፤ ጋዙ የጎዳው ሳንባዋን ነው። እየሳለች ብትጠጣ ደግሞ ትን ይላታል።

የመዋኛው ልጅ፦ መዋኛ ገንዳ ላይ ነው የምሠራው፣ ክሎሪን የዕለት እንጀራዬ ነው። ሽንት ቤቱ ውስጥ ማንም አይግባ። ክሎሪን ከአየር ሁለት እጥፍ ተኩል ገደማ ስለሚከብድ ወለል ላይ ነው የሚተኛው። የሚድህ ሕፃን ካለ ቶሎ አውጡት። የሌላውን ክፍል መስኮትና የውጭውን በር ከፍታችሁ ሁላችሁም ውጡ። "ላርክሰው" ብላችሁ ኮምጣጤ ምናምን እንዳትጨምሩ፣ ይብሳል። እንደ ፈረንጆቹ በ2022 ዮርዳኖስ ውስጥ አቃባ ወደብ ላይ የክሎሪን ታንክ ከክሬን ወድቆ 13 ሰው ሞቷል፣ ከ250 በላይ ተጎድቷል። ቪዲዮውን ያየ ሰው ቢጫው ደመና እንዴት እንደተዘረጋ አይረሳውም። ያኔ የከተማው ሰው የተባለው ግን መስኮት ዘግታችሁ ቤት ግቡ ነው። ጋዙ ውጭ ከሆነ ትገባላችሁ፣ ቤት ውስጥ ከሆነ ትወጣላችሁ።

ፋዙ ከጅዳ፦ እኔም በስደት ቤት ደርሶብኛል። "ደህና ነኝ" ብዬ ተመልሼ ሳጸዳ ዋልኩ፤ እምቢ የምልበት ቦታም አልነበረም። ማታ ስተኛ ትንፋሽ አጠረኝ። ትራስ ደራርቤ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ሲነጋ ሐኪም ቤት ወስደው ኦክስጅን ሰኩልኝ። ቀን ላይ ቀለል ቢላት አትመኑት እህቴ።

ሲስተር ማ፦ ፋዙ ያለችው ልክ ነው። ብዙ የሳበ ሰው ሳንባው ውሃ ሊቋጥር ይችላል፤ ይኼ ደግሞ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግስቱ ነው የሚመጣው። ክሎሪን ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ኦክስጅን፣ የአየር ቧንቧ የሚከፍት መድኃኒት፣ ከዚያ ክትትል ነው። ከንፈሯ ከጠቆረ ወይም ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ የሚያቋርጣት ከሆነ ደቂቃ አትስጡት።

ቤተልዬ፦ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። አሁን ነው የተመለስነው። እዚያ ስንደርስ ደረቷ ሲር ሲር ይል ነበር። ኦክስጅን ሰጧት፣ በጭስ የሚሳበውን መድኃኒት ሁለቴ አደረጉላት፣ ራጅ ተነሳች። ሌሊቱን እዚያው አሳደሯት። ድምጿ ጎርንኗል እንጂ ትንፋሿ ደህና ነው። ዛሬ ማታ ከባሰባት ተመለሱ ብለውናል፤ እኔም አጠገቧ ነው የምተኛው። ሽንት ቤቱ በውሃ ብቻ ታጥቧል። እድፉ እንዳለ ነው፣ እንግዶቹ ይዩት።